መሬቱ ያዘው

ይሄ ተረት አይደለም። የደረሰብኝ ነው።

እዚህ ቻናል ላይ የሚለጠፉትን ታሪኮች ሳነብ "ውሸታቸውን ነው" እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ እናንተም እንደዛ ብትሉኝ አልቀየምም። ብቻ አንብባችሁ ጨርሱና በሉኝ።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው።

ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም፣ ንፋስ አላፏጨም። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሰው ጥላውን የሚያጣበት ሰዓት ነው።

ቦታው የቲማቲም ማሳ ነው።

አዎ፣ ቲማቲም። ሳቁ። እኔም እስቅ ነበር...

ሥራዬ የላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ነው። ነበር ልበል። የምንሠራው የአፈር ባክቴሪያ ማሻሻል ነበር። ባክቴሪያ ሲባል ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አፈር ውስጥ ግን ደጎችም አሉ። የተክሉ ሥር ላይ ሰፍረው ክፉው እንዳይጠጋ ይከላከላሉ።

ክፉው አጠውልግ ይባላል።

አጠውልግን የማያውቅ ገበሬ የታደለ ነው። ጠዋት ቀጥ ብሎ የነበረ ቲማቲም ቀትር ላይ አንገቱን ይደፋል። ማታ ቀና ይልና ተስፋ ይሰጥሃል። በማግስቱ ደግሞ ይደፋል። እንዲህ ሲያሾፍብህ ሰንብቶ፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እንደሆነ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። አፈሩ ውስጥ አድብቶ ለሚቀጥለውም ተከላ ይጠብቅሃል።

የታናሽ ወንድሜን ማሳ ደጋግሞ ጨርሶበታል።

አባታችን በተወልን መሬት ላይ የቀረው እሱ ነው። "አንቺ ስለ አፈር ትማሪያለሽ፣ እኔ አፈር እበላለሁ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ያገባው በቅርቡ ነው። የመጨረሻው ተከላ የጠወለገ ቀን ግን አልቀለደም።

"እታለም፣ አሁንም ከሞተብኝ ጥዬ እሄዳለሁ" አለኝ።

"ሚስትህስ?"

"ምን ይዤ ላኑራት?"

ከዛ ቀን በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወንድሜ መሬቱን ለቆ እንዳይሄድ። ይሄን ያዙልኝ። ሌላ ምንም አልተመኘሁም።

አለቃችን ዶክተር ነው። እኛ በስውር "ለምለም" እንለዋለን። የተጠየቀውን ሁሉ "ለምለም ነው" ብሎ ስለሚመልስ ነው። ሥራው እንዴት ነው? ለምለም ነው። ችግኞቹስ? ለምለም ናቸው። አናቱ ላይ አንድ ፀጉር ያልቀረለት ሰውዬ ለምለም ሲባል ያው እንስቃለን።

ሥራችን እንዲህ ነው። ባክቴሪያዎቹን ሳህን ላይ ዘርተን ከጨረር መብራት ሥር እናስቀምጣቸዋለን። ጨረሩ አብዛኞቹን ይፈጃል። የተረፉት ዘረመላቸው ተለውጦ ይወጣሉ። ብዙው ለውጥ ለምንም አይረባም። አልፎ አልፎ ግን ከእናቱ የበረታ ይወለዳል። እሱን ለይቶ ማውጣት ነው ጥበቡ።

የቱን እንለይ? እሱን የወሰነው ለምለም ነው።

"ሥር ላይ አጥብቆ የሚይዘውን" አለ።

ስለዚህ ችግኝ እንነቅላለን። ሥሩን በውሃ እናጥባለን። ታጥቦ ያልሄደውን ባክቴሪያ ወስደን እንደገና ጨረር ሥር እናስቀምጣለን። እንደገና እናጥባለን፣ በርትተን። አሁንም ያልለቀቀውን ወስደን እንደገና...

ልብ በሉ። የምንመርጠው የሚያድነውን አልነበረም። የማይለቀውን ነበር።

አንዱ ከሁሉም ተለየ። "ሙጭጭ" የሚል ስም አወጣንለት።

ሙጭጭ አጠውልግን ድምጥማጡን አጠፋው። የታመመ አፈር ላይ የተከልነው ችግኝ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለምለም በደስታ ሊያብድ ደረሰ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። የወንድሜ ፊት ነበር የታየኝ።

ከዛ ትንንሽ ነገሮች መጡ...

አንድ ቀን ችግኝ ልነቅል ስስብ ጣሳው አብሮ ተነሳ። ጣሳውን በጉልበቴ መሃል አጣብቄ ሳብኩ። ጣሳው ተሰነጠቀ። አፈሩ ግን አንዲት ፍርፋሪ አልጣለም።

ሌላ ቀን ጓንቴ እርጥብ አፈር ነክቶ ቀረ። እጄን ከውስጡ አውጥቼ ጓንቱን እዛው ተውኩት።

ከዛ ደግሞ ትሉ።

የምድር ትል ነው። ግማሽ ገላው ከአፈሩ ወጥቷል። ይሳባል፣ ይወጠራል፣ አይወጣም። ወደ ውስጥም አይመለስም። ፀሐይ ላይ ነው ያለው፤ ደርቆ መሞት ነበረበት።

በማግስቱ እዛው ነበር። በሳምንቱም እዛው ነበር።

አልሞተም።

ለምለም ቢሮ ገባሁ።

"ዶክተር፣ ይሄ ነገር ሥር ብቻ አይደለም የሚይዘው።"

"ሌላ ምን ይያዝ?"

"ትል ይዟል።"

"ትል የጥሩ አፈር ምልክት ነው" አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

"ማሳ ላይ ከመውጣቱ በፊት በሌላ ነገርም እንፈትነው።"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የመጀመሪያውን የአፈር ናሙና ያመጣነው ከወንድሜ ማሳ ስለነበር የመጀመሪያው ተከላም እዛው ይሁን ብሎ ወሰነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። የእኛስ ምነው በተፈታ።

ወንድሜን "አትቀበላቸው፣ ቆይ" አልኩት። ሳቀብኝ።

"ያለቀ መሬት ከዚህ በላይ ምን ይሆናል? ካልያዘ ያው መንገዴን ነው።"

ሄደን ተከልን። ባክቴሪያው በባልዲ ተበጥብጧል፤ የችግኙን ሥር ነከር አድርጎ መትከል ነው። ወንድሜ በባዶ እጁ ይነክራል። ጭቃው ቦቲውን ስለያዘበት አውልቆ በባዶ እግሩ ነው ቦዩ ውስጥ የቆመው።

"ቦቲህን አድርግ" አልኩት።

"ከገዛ መሬቴ ደግሞ ልጠንቀቅ?" አለኝ።

እዚህ ጋ አንድ ቃል ማወቅ አለባችሁ። በእኛ ሥራ ችግኝ ተተክሎ ሥር ከሰደደ "ያዘ" ይባላል። መሬቱ ሲቀበለው "መሬቱ ያዘው" እንላለን። ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለንም።

ጥቂት ቀን ቆይቼ ለወንድሜ ደወልኩለት።

"ያዘልህ?"

"ያዘልኝ። እታለም፣ አንድም አልጠወለገ።"

ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የዛን ቀን እንባዬ የደስታ ነበር።

ሌላ ቀን ስደውልለት እየሳቀ እንዲህ አለኝ፦ "አረሙም ይዟል። ልነቅለው ብል እንቢ አለኝ። ዶማውም መሬት ውስጥ ቀርቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ አሁን የእኔ ማሳ ተጨመረበት።"

እኔ አልሳቅኩም።

"ሌላስ?"

"ሌላማ... ውሻው ነው።"

"ምን ሆነ?"

"ማሳው መሃል ተኝቶ አልነሳ አለ። ስጠራው ጭራውን ይቆላል። ሥጋ ባሳየው ጭራውን ይቆላል።"

"ተሸክመህ አውጣዋ።"

ስልኩን አስቀምጦ ሲያቃስት ተሰማኝ።

"ወንድሜ?"

"ከበደኝ" አለ።

ለምለም ቢሮ ተመልሼ ገባሁ። ማሳው ይታይ፣ ሰው ይላክ አልኩ። "ውሻ ፀሐይ ይወዳል" አለኝ። ልቤ ንዴት ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ለወንድሜ ደወልኩ።

"የት ነህ?"

"ማሳ ነኝ።"

"በዚህ ፀሐይ?"

"ቤት ስገባ እግሬን ያሳክከኛል። እዚህ ስቆም ይተወኛል።"

"ውጣ ከዛ።"

"እሺ..."

"አሁን ውጣ።"

"ደስ ይላል እኮ፣ እታለም... ትንሽ ልቁም።"

ድምፁ እንቅልፍ የመጣበት ሰው ድምፅ ነበር። ሐኪም ጋ እንድትወስደው ለሚስቱ ነገርኳት። እሺ አለችኝ።

ከዛ እሷ ደወለች። ቢሮ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ለምለም እንግዶች እያስጎበኘ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል።

"እትዬ..."

"አቤት፣ የኔ እህት።"

"...ያዘው።"

"እ?"

"መሬቱ... ያዘው።"

እንዲህ ያለ ስልክ ስንቴ ተቀብያለሁ። አፌ ከጭንቅላቴ ቀደመ።

"እሰይ" አልኳት። "እሰይ፣ እልል በይ።"

መስመሩ ተቋረጠ።

ለምለም ከሩቅ "ያዘ?" ብሎ ጠየቀኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ስልኬ እንደገና ጮኸ። አሁን መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ አጠገቧ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

"እትዬ... ለምን እሰይ አልሽኝ?"

ከዛ በኋላ መኪና ውስጥ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ለምለምም አብሮኝ መጣ። ለወንድሜ ብሎ አይደለም። ማሳውን ሊያይ ነው።

ስንደርስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው።

እንደዛ ያለ ማሳ አይቼ አላውቅም። አረንጓዴው ዓይን ይወጋል። ፍሬው ቅርንጫፉን ሞልቶታል። ግን ወፍ የለም። ዝንብ የለም። ንፋስ ይነፍሳል፣ ቅጠሎቹ አይነቃነቁም።

ወንድሜ መሃሉ ቆሟል።

አልተቀበረም። አልሰመጠም። ሰው መንገድ ላይ እንደሚቆም ነው የቆመው፤ መርገጫው ብቻ መሬት ነክቷል። ሚስቱ ከደረቁ መደብ ላይ ሆና በረጅም እንጨት ጃንጥላ ዘርግታለታለች።

"አትጠጊ" አለኝ። "እርጥቡን አትርገጪ።"

"ያምሃል?"

"አያምም።" ምራቁን ዋጠ። "የሚያስፈራኝ እሱ ነው።"

"ራበህ?"

"አልራበኝም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልራበኝም።"

ፊቱን አየሁት። ቀትር ላይ በፀሐይ የሚቆም ሰው ይጠቁራል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል። የወንድሜ ፊት ወዝ ነበረው። ከሠርጉ ቀን ይልቅ ያምር ነበር።

ሐኪም ጠራን። መጥቶ ከዳር ቆሞ አየው። አንገቱን ነቀነቀና ወደ መኪናው ተመለሰ።

"ሆስፒታል አምጡት" ብሎን ሄደ።

ጎረቤቶች ዙሪያውን ሊቆፍሩ ሞከሩ። ዶማቸው ገባ፣ አልወጣም። ከዛ በኋላ ማንም አልጠጋ አለ። የባሰ አታምጣ እያሉ ወደ ቤታቸው ገቡ።

እኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ የፈሰሰበትን የምናጸዳው በበረኪና ነው። ከወንድሜ ቤት የበረኪና ጀሪካን ይዤ መጣሁ። ለምለም መንገዴ ላይ ቆመ።

"ማሳውን ልትገድይው ነው?"

"ወንድሜ ነው።"

"ይሄ ውጤት የአንቺ ብቻ አይደለም። የስንት ገበሬ ተስፋ ነው።"

"ዞር በል።"

"አስቢበት እንጂ..."

በትከሻዬ ገፍቼው አለፍኩ። አለቃ ስገፋ የመጀመሪያዬ ነው። ከደረቁ መደብ ጎንበስ ብዬ በወንድሜ እግር ዙሪያ አፈሰስኩት።

አጠገቡ ያሉት ቲማቲሞች አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም አንድ ላይ።

"እየሠራ ነው" አልኩ። "ወንድሜ፣ እየሠራ ነው። እግርህን አንሳ።"



ቀና ብዬ አየሁት።

የወንድሜም አንገት ተደፍቷል።

ጣቶቹ ተንጠልጥለዋል። ጉንጩ ሟሸሸ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ እኔን ያያል፣ ግን ማየት ደክሞታል። ይሄን አደፋፍ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠናሁት ነው።

ጠወለገ።

ሚስቱ ጃንጥላውን ጥላ "ተይ፣ ልትገድይው ነው" ብላ ጀሪካኑን ከእጄ ነጠቀችኝ። ውሃ ታመጣለች፣ ትደፋለች፣ ታመጣለች፣ ትደፋለች። እኔ እዛው ተቀምጬ ቀረሁ።

ቆይቶ ቲማቲሞቹ ቀና አሉ። ከእነሱ ጋር እሱም ቀና አለ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልኩ።

"ይኸው..." አለኝ። "አልሄድኩም።"

ምነው ምላሴን በቆረጠው። ያንን ምኞት የተመኘሁበት ቀን ምነው ባልነጋ።

ለምለም በዚህ ሁሉ መሃል ስልኩን አውጥቶ ማሳውን ፎቶ ያነሳ ነበር። ወንድሜ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባበት ትንሽ ወደ ግራ ተጠጋ። ያ ፎቶ ዛሬ መሥሪያ ቤታችን መግቢያ ላይ ተለጥፏል። ያየው ሁሉ ያደንቃል። ጥግ ላይ የጃንጥላ ጫፍ ይታያል፤ እስካሁን ማንም ምንድነው ብሎ አልጠየቀም።

ማሳው ታጠረ። ጥበቃ ቆመለት። "የምርምር ቦታ፣ መግባት ክልክል ነው" ተባለ። ሚስቱን ብቻ ያስገቧታል፤ ውሃ ታጠጣለች።

እኔ ሥራዬን ተውኩ። ሙጭጭን ሰው ሳይሞት የሚያላቅቅ ነገር ፍለጋ ያልዞርኩበት ቢሮ የለም። የሚሰማኝ ሁሉ መጀመሪያ ያዝናል፣ ቀጥሎ ዓይኑን ይሰብራል፣ ከዛ በር ይከፍትልኛል። አንዷ ባለሙያ ብቻ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ "ግን ምርቱ ስንት እጥፍ ጨመረ?" አለችኝ።

ሰሞኑን ዝናብ ጣለ። ሚስቱ ስልክ ማንሳት አቆመች።

ሄድኩ። ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። ቀትር ነው። ጥበቃው ቦታው ላይ የለም። በአጥሩ ክፍተት አሾልኬ አየሁ።

ወንድሜ የለም።

የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። ጉድጓድ የለም፣ ዱካ የለም፤ አፈሩ እንደ ተጠረገ ወለል ልስልስ ብሏል። ልቤ ዘለለ። ዝናቡ አላቀቀው አልኩ። ለቀቀው አልኩ። ብቻዬን እየሳቅኩ ወደ ቤቱ መሮጥ ጀመርኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩ።

ከአጥሩ ሥር የጀመረ የቲማቲም ችግኝ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በቅሏል። መንገድ ላይ ቲማቲም የሚተክል ሰው የለም። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ... እየተፈራረቀ ይሄዳል። በመሃላቸው ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ነው። የረጅም ሰው እርምጃ።

ደረቅ ደረቁን እየረገጥኩ ተከተልኩት። ከቤቱ ደጃፍ ደረስኩ።

እዛ ጋ የመጨረሻዎቹ ሁለት ችግኞች ጎን ለጎን ናቸው፣ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ሰው እግር።

በሩ ዝግ ነው። ከውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማል። ቀስ ብዬ አንኳኳሁ። ውሃው ቆመ።

"ማነው?" የወንድሜ ሚስት ድምፅ ነው። በሹክሹክታ።

"እኔ ነኝ። ክፈቺልኝ።"

"ቀስ በይ፣ እትዬ። እንቅልፍ የወሰደው አሁን ገና ነው።"

"ማንን?"



ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግኩ። ውስጥ የሚተነፍሱት ሁለት ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ማሳ ሙሉ ነገር አንድ ላይ ይተነፍስ ነበር።

ውሃው እንደገና መንቆርቆር ጀመረ። ከበሩ ሥር ሾልኮ ወደ ደጃፉ ወጣ። ሁለቱ ችግኞች ከፀሐይዋ ፊታቸውን አዙረው፣ ጫፋቸውን ዝቅ አድርገው፣ በበሩ ሥር ባለችው ስንጥቅ ወደ ውስጥ እየገቡ ነበር።